ቁም ሣጥን ውስጥ የተነበበ መጽሐፍ

ሰኞ 3

ዛሬ ከማዕከሉ ደውለው የእህቴን ድምፅ ሊያጠፉት እንደሆነ ነገሩን። እማ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ቆልፋ፣ ካውያውን ሳታቆም፣ "እሺ... ገባኝ... እግዜር ይስጥልኝ" አለች። እግዜር ይስጥልኝ! ቤት ሊያፈርስ የመጣን ሰው አረፍ ይበሉ እንደማለት ነው።

ነገሩን በወጉ ልጻፈው። እህቴ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍት እያነበበች በስልኳ ትቀርጽ ነበር። ስቱዲዮዋ ቁም ሣጥናችን ነው። ካፖርትና ብርድ ልብስ የመንገዱን ጩኸት ይውጣል ብላ እዚያ ውስጥ ትገባለች፣ ስልኳን የጫማ ካርቶን ላይ ታቆማለች፣ በእጅ ባትሪ ታነባለች። ማዕከሉ ቅጂውን ድረ ገጹ ላይ ይጭነዋል፤ ተማሪዎቹ ከያሉበት ያወርዱታል። መጨረሻ የያዘችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ነበር። ዘጠኝ ምዕራፍ አለው። ሰባተኛውን ጨረሰች፤ ስምንተኛውን ሳትጀምር ልቧ ከዳትና አረፈች።

አሁን የአሳታሚዎች ማኅበር እስከሚቀጥለው ወር አጥፉት ብሎ ለማዕከሉ ደብዳቤ ጻፈ። አዲስ የዲጂታል ቅጂ መብት አዋጅ እየተረቀቀ ነው። ረቂቁ እንደሚለው፣ ያለ አሳታሚው የጽሑፍ ፈቃድ የተቀዳ መጽሐፍ፣ በድምፅም ይሁን በምስል፣ ካለበት ቦታ ሁሉ ይደመሰሳል፤ ይዞት የተገኘም ይቀጣል። እንግዲህ የእህቴ ሰባት ምዕራፎች የተሰረቀ ዕቃ ሆኑ ማለት ነው።

የእሷ ስልክ እማ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቅጂው እዚያም አለ። ቤታችን ገብቶ የሚፈትሽ የለም። ግን እሷ ያነበበችው ለእኛ አይደለም፤ እኛማ ዓይን አለን።

እኔ እስካሁን አልሰማሁትም። ጊዜ አጥቼ ነው።

ረቡዕ 5

እራት ላይ አነሳሁት። አባባ ከሳህኑ ቀና ሳይል "ሕግ ከሆነ ሕግ ነው። ይጥፋ" አለና ጨው አቀብለኝ አለኝ።

አቀበልኩት። ለምን እንዳቀበልኩት አላውቅም።

አባባ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ሰው መጽሐፍ መግዛት ትቶ በስልክ ስለሚቀባበል ከማሽኖቻቸው ግማሹ ሸራ ለብሰው ቆመዋል። ሠራተኞቹ አዋጁን ደግፈው ፈርመዋል፤ እሱም ፈርሟል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ልጁ ናት።

ሐሙስ 6

የሥነ ዜጋ መምህራችን "ዜጎች በረቂቅ አዋጅ ላይ አስተያየት የመስጠት መብት አላቸው" የሚለውን ዛሬ እንደገና አስጻፉን። ለፈተና ይመጣል። እጄን አውጥቼ የት ሄደን ነው የምንሰጠው ስላቸው ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ "ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ" አለ።

መምህሩ አልሳቁም። ሰሌዳውን ቀስ ብለው አጠፉት። ሲደወል ጠሩኝና፣ ማስተማር ከጀመሩ ጀምሮ ይህን የጠየቃቸው ተማሪ እንደሌለ፣ እሳቸውም አድራሻውን እንደማያውቁት ነገሩኝ። "አፈላልጌ አመጣልሃለሁ። እስከዚያ አፍህን ዝጋ፤ ርዕሰ መምህሩ እንዳይሰሙ" አሉ።

ስለ ዜጋ መብት አፌን መዝጋት። ይሁን።

ቅዳሜ 8

ማዕከሉ ሄድኩ። አንድ ረጅም ክፍል ነው፤ ጠረጴዛ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ተደግፎ የቆመ በትር። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ለማን ብለው ይስቀሉበት። ኃላፊዋን ሁሉም "እትዬ" ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። የማን ወንድም እንደሆንኩ ሲናገሩ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ "ጎርፍ ነህ?" አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ልጅ "በሩን ዝጋው!" ብላ ጨመረችበት፤ እንደገና ሳቁ።

እኔ ደረቅኩ። ጎርፍ የምትለኝ እህቴ ብቻ ነበረች። በር በርግጄ ስለምገባ፣ ቦርሳዬን አንድ ጥግ ጫማዬን ሌላ ጥግ ስለምወረውር ነው። ቤታችን ውስጥ የቀረ ስም እነዚህ ልጆች አፍ ውስጥ ምን ይሠራል?

"ምዕራፍ ሦስት ላይ አለህ" አለኝ ልጁ። "አልሰማኸውም እንዴ?"

ጊዜ አጥቼ ነው አልኩት።

እሱን ሬዲዮ ይሉታል። አንዴ የሰማውን ቃል በቃል መልሶ ያሰማል፤ ማስታወቂያውን ሳይቀር። ዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ተፈታኝ ነው። ጂኦግራፊው በብሬል አልታተመም፤ በድምፅ ያለው የእህቴ ብቻ ነው። ከሚቀጥለው ወር በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቀው "ምን እናደርጋለን፣ ካርታውን እናሸተዋለን" አለ።

እትዬ በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሕዝብ የሚያዳምጥበት ቀን መኖሩን ነገሩኝ። ማዕከሉ ሁለት ተናጋሪ ማስመዝገብ ይችላል። አንዱ ሬዲዮ ነው። ሁለተኛው የእህቴ ቤተሰብ ቢሆን ደስ ይላቸዋል። ዕድሜዬ ስላልደረሰ ግን ወላጅ አብሮኝ መምጣት አለበት።

እናገራለሁ አልኩ። ሌላ ሰው አፍ የተናገረው መሰለኝ።

ማክሰኞ 11

ከአባባ ጋር ተጣላን። አብሮኝ እንዲመጣ ጠየቅኩት፤ አይሆንም አለ። ደጋግሜ ለምን ስለው እጁን በፎጣ እየጠረገ፣ "ድምፅዋን ያጣሁት እኔ አይደለሁም መሰለህ? ግን አንዳንድ ነገር ተኝቶ ባለበት ይተኛ" አለ።

"ፈሪ ነህ" አልኩት።

በሕይወቴ ብዬው የማላውቀው ነገር ነው። በጥፊ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ፎጣውን አንጠልጥሎ ወጣ። ጥፊው ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ከመኝታ ቤታቸው እማ "ታዲያ ብትነግረውስ?" ስትል ሰማሁ። እሱ "ልጅ ነው። ካወቀ ይሸከመዋል" አለ። የሠራተኞቹን ፊርማ ነገር ነው መቼም። ምን አዲስ ነገር አለው።

ሐሙስ 13

መምህሩ አድራሻውን አመጡ። የረቂቁንም ቅጂ አትመው ሰጡኝ፤ በራሳቸው ወረቀት። "ከእኔ አላገኘኸውም" አሉ።

አንቀጽ አሥራ አራት። የሚደመሰሰው የሚለው እዚያ ነው። ዓይነ ስውር የሚል ቃል ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው የለም። ጠልተዋቸው አይመስለኝም። ሲጽፉት ትዝ አላሏቸውም።

እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ዓርብ 14

ከትምህርት ቤት ቀድሜ ስመለስ እማ ጀርባዋን ሰጥታ ትተኩሳለች። እሷ ሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ውላ ማታ ደግሞ የጎረቤት ሸሚዝ ትተኩሳለች። ጆሮዋ ውስጥ ማዳመጫ ነበር፤ ክሩ ወደ ሽርጧ ኪስ ይወርዳል። ስነካት ደነገጠች፤ የሰው ሸሚዝ ልታቃጥል ነበር።

"ደለል ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"ምን?"

"ወንዝ ተሸክሞት መጥቶ የሚተወው አፈር ነው። ውኃው ሲደክመው ያስቀምጠዋል።" ካውያውን አነሳች። "እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። አሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።"

ልስቅ ነበር። ወደ ክፍሌ ገባሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

እማ ረቡዕ 26 ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ትመጣለች።

ቅዳሜ 15

አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ፊርማ አሰባሰብን፤ እኔ፣ ሬዲዮና ያቺ "በሩን ዝጋው" ያለችኝ ልጅ። እኔ ወረቀቱን እይዛለሁ፣ ሬዲዮ አንቀጽ አሥራ አራትን በቃሉ ይለዋል፤ ከነነጠላ ሰረዙ።

አንድ ሽማግሌ ሳይሰሙ እጁ ላይ ሳንቲም አስቀመጡ። ሬዲዮ "ጋሼ፣ ሳንቲሙን ይውሰዱና ፊርማዎን ይስጡኝ፤ ዛሬ የምለምነው እሱን ነው" አላቸው። አፈሩ። ፈረሙም። ሚስታቸውንም አስፈረሙ።

አንዲት ሴት ልጇ ፊልም በነፃ እያወረደ ትምህርቱን ስለተወ አዋጁ ይጽደቅ አለች። አንዱ የየትኛው ፓርቲ ናችሁ አለን። አንዱ ፈርሞ ሲያበቃ ምን እንደፈረመ ጠየቀን።

ከሁሉም ሆዴ ውስጥ የገባው ግን ደራሲው ነው። የራሱን ልብ ወለድ ክንዱ ላይ ደርድሮ በየመኪናው መስኮት የሚያዞር ሰውዬ ነው። ወረቀታችንን አንብቦ መለሰልኝ። የመጀመሪያ መጽሐፉን ለመጻፍ ቤቱን ዘግቶ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ፣ በታተመ በሳምንቱ አንድ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ በስልክ እንደበተነው፣ አንባቢዎቹ መንገድ ላይ አቅፈው "በነፃ አነበብኩህ" እንደሚሉት ነገረኝ። "ሌባዬ እያቀፈኝ ፈርም ትሉኛላችሁ? አዋጁ የእኔ ነው።"

እውነቱን ነው። ሌሊቱን ሁሉ እሱን ስከራከር አድር ይሆናል።

ሬዲዮ ግን፣ "ጋሼ፣ የእርስዎን መጽሐፍ ብገዛ ማን ያነብልኛል?" አለው።

ደራሲው ቆመ። አንዱ አውቶቡስ አመለጠው። "ይህን እኔ አልጠየቅኳቸውም" አለ በመጨረሻ። "ሌባውን ያዙልኝ አልኩ እንጂ አንተን አላልኩም።" እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ፈረመ፤ ከፊርማው አጠገብ በትንሹ "ለዚህ ነገር ብቻ" ብሎ ጻፈ።

ሰኞ 17

ሬዲዮ ዛሬ እንዲሁ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። "ምዕራፍ አምስት ላይ ለምንድነው ከገጽ ዘጠና ስድስት በኋላ መቶ አሥራ ሦስት የሚመጣው? ማሽኑ ሰክሮ ነው የምትለው እውነቷን ነው?"

ምን ማሽን?

እቤት መጥቼ ስልኩን ከመሳቢያው አወጣሁ። እማ አየችኝ፤ ማዳመጫውን አቀበለችኝ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባሁ። ሌላ የምገባበት ቦታ አልታየኝም።

ምዕራፍ አምስትን ብቻ ነው የሰማሁት። እንዲህ ትላለች፦ "ከገጽ ዘጠና ስድስት ቀጥሎ ገጽ መቶ አሥራ ሦስት ይመጣል። አትደናገጡ። መጽሐፉን ያመጣልኝ አባቴ ነው፤ እዚያ ማተሚያ ቤት ሲጠረዝ ማሽኑ ሰክሮ ነበር። ዘጠና ሰባትን በኋላ እናገኘዋለን። ካቆምንበት እንቀጥል።"

ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አለ። እየሳቀች መሆኗን ከትንፋሿ ታውቃለህ።

ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። የተበላሸ መጽሐፍ ወደ መፍጫ ነው የሚሄደው፤ አንዲት ቅጠል ይዞ የተገኘ ይባረራል። አባባ ራሱ ነው የነገረን፤ አንድ የሥራ ባልደረባው ለልጁ የሒሳብ ደብተር ሽፋን ይሆነኛል ብሎ የያዘው ወረቀት እንጀራውን እንዳሳጣው።

"ይጥፋ" ያለው...

አልጨርሰውም።

ማክሰኞ 18

ልተወው? አልተውም። ለእትዬ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ የምናሰማው ምዕራፍ ሦስትን ብቻ ይሁን አልኳቸው። ለምን አላሉኝም። ሬዲዮ ግን ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። "ማሽኑን እናስተኛው ነው የምትለው" አለ። ይሄ ልጅ ሬዲዮ ብቻ አይደለም።

እሑድ 23

አባባ በረንዳ ላይ ጫማ ሲቀባ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀኑ መቼ ነው አለኝ። ረቡዕ አልኩት። ብሩሹን ቀይሮ የእኔን ጫማ አነሳና ያንንም መቀባት ጀመረ። ይቅርታ ልለው ፈልጌ "ያ ቀለም አይመጥነውም" አልኩት።

"ይመጥነዋል" አለ።

ረቡዕ 26

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ወንበሩ ለስላሳ፣ ማይክራፎኑ ቀጭን። ከፊት ሰብሳቢዋና የኮሚቴው አባላት፣ በግራ የአሳታሚዎቹ ጠበቃ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ። ከእኛ በፊት የሙዚቀኞች ተወካይ፣ የሶፍትዌር ነጋዴ፣ አንድ ጡረተኛ ዳኛ ተናገሩ። እማ ከጎኔ ናት፤ እሷ የተኮሰችው ሸሚዜ እንደ ካርቶን ቆሞ አንገቴን ይቆርጠኛል።

ስሜ ሲጠራ ያዘጋጀሁት ንግግር ከራሴ ጠፋ። እህቴ እንዳነበበች፣ የት ሆና እንዳነበበች፣ ያነበበችው ለማን እንደሆነ ተናገርኩ። አንቀጽ አሥራ አራት ውስጥ እነዚህ ልጆች እንደሌሉ ተናገርኩ። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ አንደኛው በዕድሜዬ ምክንያት ነው። ከዚያ "እሷ ራሷ ብትናገር ይሻላል" ብዬ ስልኩን አወጣሁ።

ጠበቃው እጁን አነሳ። ሰውዬው ትሑት ነው፤ ቢጮህ ይቀለኝ ነበር። ያልተፈቀደ ቅጂን በሕዝብ መድረክ ማሰማት ራሱ አሁን ባለው መመሪያ የተከለከለ መሆኑን፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ነውር መሆኑን አስረዳ። ሰብሳቢዋ በቀኝም በግራም ተንሾካሾኩ። ስልኩን መልስ አሉኝ። መለስኩ። ሦስት ደቂቃዬ አለቀ።

እህቴን ኪሴ ውስጥ ይዤ ተቀመጥኩ።

ሬዲዮ ተነሳ። በትሩን ወንበሩ ላይ አስደገፈ። "እኔ የማጫውተው ነገር የለኝም" አለና ጀመረ፦

"ምዕራፍ ሦስት። ወንዞችና ሥራቸው። ሥዕል ሦስት ነጥብ አንድ። ወንዙን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁት ነው እንበል። መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ታገኛላችሁ። ወደ ታች ሲወርድ እንደ ገመድ ይወፍራል። መጨረሻ ላይ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ጣት ጣት ያወጣል..."

የእሱ ድምፅ ነው፤ ግን አካሄዱ የእሷ ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ከመጀመሯ በፊት የምትስባት ትንፋሽ፣ ቁጥር ስትጠራ የምትዘገየው፣ ፊቷን አዙራ የምትስላት ትንሽ ሳል። አንዷንም አልጣለም። እማ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አብራው ነበር የምትለው።

"...ውኃው ሲደክመው የተሸከመውን ያስቀምጣል። ይህም... በሩን ዝጋው፣ አንተ ጎርፍ! ይቅርታ ተማሪዎች፣ ወንድሜ ነው። ካቆምንበት እንቀጥል።"

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋ ሳቁ። ጠበቃውም ሳቀ፣ ወዲያው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እኔ ጉልበቴን ይዤ አንገቴን ደፋሁ። ያን ቀን በሩን እንዴት እንደከፈትኩት ትዝ አለኝ። ኳስ ተሸንፈን ነበር የመጣሁት።

ሬዲዮ ሲጨርስ፣ "ክብርት ሰብሳቢ፣ ከድረ ገጹ ይነሳ ካላችሁ ይነሳ ይሆናል። ከእኔ ላይ ማን እንደሚያነሳው ግን አንቀጹ አይናገርም" ብሎ በትሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

ጠበቃው ጥያቄ ጠየቀ። ማንም የዓይነ ስውራን ጠላት እንዳልሆነ፣ እሱም እንደተነካ ተናግሮ፣ ወደ እኔ ዞረ። "ግን አንድ ነገር ይብራራልን። እህትህ ያነበበችበት መጽሐፍ የተገዛ ነው? ደረሰኝ አለው?"

አዳራሹ ጠበቀኝ። የተገዛ ነው ብል ማን ያውቃል? አፌን ከፈትኩ። እማ ጉልበቴን ጨመቀችው፤ በል ይሁን አትበል አልገባኝም።

"አልተገዛም" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

አባባ ነበር። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ፣ እጁ ሙጫ እንደተለጠፈበት፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። መቼ እንደገባ አላየሁም። ሰብሳቢዋ ማን እንደሆነ ጠየቁት።

"አባቷ ነኝ። ያንን መጽሐፍ የጠረዝኩት እኔ ነኝ፣ ገጹን አዘበራርቄ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ወደ መፍጫ ይሄድ ነበር። ከሸሚዜ ሥር ይዤው ወጣሁ። አዋጁን ደግፌ ፈርሜያለሁ፤ እንጀራዬ ስለሆነ። ዛሬም ሌባውን ያዙ እላለሁ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ሌባ ከፈለጋችሁ ግን እኔን ያዙ። ልጄን ሌባ አትበሏት።"

ማይክራፎን አልነበረውም። ግን ሁሉም ሰማ።

ሐሙስ 27

ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ሦስታችን ተጨናንቀን ቆመን ነበር የመጣነው። አባባ በመስኮት እያየ፣ "ማሽኑ አልሰከረም" አለኝ። "ሆስፒታል እሷ ዘንድ አድሬ ነበር ወደ ሥራ የገባሁት። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው ገጹን ያዘበራረቅኩት። ስነግራት፣ ማሽኑ ሰክሮ ነው እላለሁ፣ አንተን አላሳጣህም አለች።"

ፈሪ ያልኩትን እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም። ትከሻዬን ትከሻው ላይ ጣልኩት። አውቶቡሱ ስለተንገጫገጨ ነው የሚል ምክንያት ነበረኝ።

ዛሬ ከሥራ ታገደ። እስኪጣራ ድረስ አሉት። ቀን ቤት ሲሆን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ የሁሉንም በር ማጠፊያ ዘይት ቀባ።

እሑድ 30

የአባባ የሥራ ባልደረቦች መጡ፤ ጠራዦቹ። ለኀዘን ከመጡ ወዲህ ቤታችን ገብተው አያውቁም። ትልቁ ሰውዬ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ለኮሚቴው የጻፉት ነው። የአዋጁን ድጋፍ አናነሳም፣ አንቀጽ አሥራ አራት ግን ይታረም ይላል። በሥሩ የሁሉም ፊርማ አለ። "ስለ ሌባ ነው የነገሩን እንጂ ስለዚህ አልነገሩንም" አለ። ሌላው፣ አለቃው አባባን ካባረረ ገጽ ማዘበራረቅ ለሁሉም ይጋባል ብሎ አሳቃቸው።

እማ ዛሬ ማዳመጫውን ነቅላ፣ ጮክ አድርጋ ከፈተችላቸው። ምዕራፍ ሁለት። ነፋስ። አምስት ጠራዦች ሻይ ይዘው ስለ ነፋስ ሰሙ።

እኔም ሰማሁ። እስከ መጨረሻው።

ማክሰኞ 9

ውሳኔው መጣ። እትዬ አነበቡልን።

ኮሚቴው አንቀጽ አሥራ አራትን አርሟል። ከአሁን በኋላ ማየት ለማይችሉ ሰዎች፣ ከተገዛ መጽሐፍ ላይ፣ ያለ ፈቃድ በድምፅ መቅዳት ይቻላል። ሬዲዮ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ደበደበው። ከዚያ ቀጣዩ መስመር ተነበበ፤ ከአዋጁ በፊት የተቀዱት ግን አሳታሚው ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ከድረ ገጹ ተነስተው ይቆያሉ። አይደመሰሱም፤ አይሰሙምም።

እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መላ አመጡ። እኔ ሙሉውን መጽሐፍ እንደገና ላንብበው፤ ከምዕራፍ አንድ። ሕጋዊ ይሆናል፤ ለእሷ ቅጂ አሳታሚውን መለመን አያስፈልግም።

ለመልካም ነው ያሉት። ግን "አይሆንም" አልኩ። "ከአንድ እስከ ሰባት ተነቧል። እኔ ስምንትንና ዘጠኝን አነባለሁ። የእሷ ሰባቱ እስኪመለሱ ድረስ አሳታሚው በር ላይ እንቆማለን። ካስፈለገ መናኸሪያው አለ።"

"ፈተናዬስ?" አለ ሬዲዮ።

"አንተ ሰባቱን በቃልህ ታውቃቸዋለህ። ለሌሎቹ አንተ በልላቸው።"

"ክፍያ አለው? ማስታወቂያም አስገባለሁ" አለ። አንቀጹ በቃል ማለትን አይከለክልም፤ ፈትሸነዋል። ከዛሬ ጀምሮ ማዕከሉ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ክፍት ነው፤ ከነትንፋሹ፣ ከነሳሉ፣ ከነ"በሩን ዝጋው"።

ቅዳሜ 13

አባባ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ከማስጠንቀቂያ ጋር። ሲመለስ መጽሐፍ ቤት ጎራ ብሎ ጂኦግራፊውን ገዝቶ መጣ፤ አዲስ፣ ሽታው ያልለቀቀ። ሳይሰጠኝ በፊት ቁጭ ብሎ ገጾቹን በአውራ ጣቱ ፈር ፈር አድርጎ ከአንድ እስከ መጨረሻ ቆጠራቸው። አንድም አልተዘበራረቀም። ደረሰኙን የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሙጫ ለጠፈው፤ ማንም ሳይጎዳው እንዳይነቅለው አድርጎ።

"አሁን ማንም አይጠይቅህም" አለ።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባሁ። ለእኔ ይጠባል፤ ጉልበቴ አገጬን ይነካል። የእህቴ ካፖርት ፊቴ ላይ ነው። ስልኩን የጫማ ካርቶኑ ላይ አቆምኩት፣ ባትሪውን አበራሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፤ ድምፄ የሰው ይመስላል። በአራተኛው ሄደልኝ።

"ምዕራፍ ስምንት። የሕዝብ አሰፋፈር። ሥዕል ስምንት ነጥብ አንድ። መዳፋችሁ ላይ ጥሬ በትናችኋል እንበል። አንዳንዱ ቦታ ይከመራል፣ አንዳንዱ ቦታ ባዶ ይቀራል..."

በሩ ተበረገደ። ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። እማ እጇን ወደ ካፖርቶቹ ሰዳ ቀረች፤ ልትወጣ ነበር፣ ውጪ ዝናብ ነው።

"በሩን ዝጊው፣ እማ!" አልኩ።

አፏን በእጇ ያዘች። ቆማ አየችኝ፤ እኔን ብቻ አይመስለኝም ያየችው። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። አባባ ዘይት የቀባው ነው፣ ድምፅ የለውም።

ስልኩ አሁንም ይቀርጽ ነበር። ማጥፋት እችል ነበር።

"ይቅርታ ተማሪዎች፣ እናቴ ናት" አልኩ። "ካቆምንበት እንቀጥል።"